በእንግሊዝ አገር ስለምትገኘው ስለ ብራይተን ከተማ

ከሎንዶን ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ከብራይተን ከተማ ይደርሳል። በባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ብራይተን ወርቅ ወይም የድንጋይ ከሰል የሚወጣባት አገር አይደለችም፤ ታላቅ የጦር ወደብም የላትም። ይሁን እንጂ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው ይጐበኛታል። እኔ ከተማዪቱን የማውቃት በመጽሐፍና በሥዕል ነው እንጂ መሬቷን ረግጬ አይደለም፤ ስለዚህ የትኛው ምግብ ቤት እንደሚሻል ለመናገር አልደፍርም። ለመግለጥ የምፈልገው ሰው ሊያያቸው የሚሄደው ነገሮች በምን ምክንያት እንደ ተሠሩና ከነርሱም የትኛው ይበልጥ ሊታይ እንደሚገባው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ብራይተን ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1750 ሪቻርድ ራስል የሚባል ሐኪም የባሕር ውሃ በሽታን ይፈውሳል የሚል መጽሐፍ አወጣ። በሽተኞቹን በባሕሩ እንዲነከሩ ብቻ ሳይሆን ውሃውን እንዲጠጡትም ያዛቸው ነበር። ጠበል ለምናውቀው ለእኛ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ ራስል ያስተማረው በሃይማኖት ሳይሆን በሕክምና ስም መሆኑ ነው። ዛሬ ጨዋማ ውሃ መጠጣት እንደሚጐዳ ይታወቃል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሀብታሞች ወደ መንደሪቱ ጐረፉ። በፈረስ በሚጐተት ባለ መንኰራኵር ጎጆ ተቀምጠው ወደ ባሕሩ ይገባሉ፤ ክንደ ብርቱ የሆኑ ሴቶችም ይዘው ይነክሯቸው ነበር። የዛሬው ጐብኚ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይዋኛል። የባሕሩ ዳር ግን አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ነው፤ ይኸውም በአካባቢው ካለው ነጭ የኖራ ድንጋይ የወጣው ባልጩት በማዕበል ተፍጨርጭሮ የተከማቸበት ስለ ሆነ፥ ባዶ እግሩን ለሚሄድ ሰው አይመችም።

ከዳር ተነሥቶ ወደ ባሕሩ የሚዘልቀውን፥ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመውን ረጅም ድልድይ እንግሊዞች ፒየር ይሉታል። ሰው መርከብ ሳይሳፈር በባሕር ላይ እንዲንሸራሸር የተሠራ ነው። በ1899 የተከፈተው ፒየር ርዝመቱ ከ500 ሜትር በላይ ሲሆን እስከ ዛሬ ጨዋታና መዝናኛ ሞልቶበታል። ከርሱ በስተ ምዕራብ በ1866 የተከፈተው ሌላው ፒየር ግን በ1975 ተዘጋ፤ በ2002 በከፊል ተደረመሰ፤ በ2003 ደግሞ በእሳት ጋየ። የቀረው የዛገ የብረት አጽም ብቻ ነው። ሰዎች ይህንንም ፎቶግራፍ ለማንሣት ይመጣሉ። በክረምታቸው ወራት ማታ ማታ እጅግ ብዙ ጥቋቍር ወፎች በባሕሩ ላይ እንደ ደመና እየተጠቀለሉ ይበራሉ ይባላል፤ ይህን ማየት በገንዘብ ከሚከፈልበት ጨዋታ ሁሉ ሳይሻል አይቀርም።

ፊዚክስ የሚወድ ተማሪ ግን አስቀድሞ የማግነስ ቮልክን ባቡር ይመልከት። ቮልክ የሰዓት ሠሪ ልጅ ሲሆን በ1883 በባሕሩ ዳር ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር ዘረጋ። ከዓለም የኤሌክትሪክ ባቡሮች ውስጥ እስካሁን የሚሠራው አንጋፋው ይኸው ነው። በዚህ ሳይረካ በ1896 ሐዲዱ ከባሕር ውሃ በታች የሆነ ሌላ ባቡር ሠራ። ሠረገላው ሰባት ሜትር በሚያህሉ አራት እግሮች ላይ የቆመ ነበር። በባሕር ላይ የሚሄድ ስለ ሆነ የነፍስ ማዳኛ ጀልባና የመርከብ አዛዥ እንዲኖረው ተገደደ! በተከፈተ በሳምንቱ ማዕበል ሰበረው፤ ተጠግኖ እንደ ገና ሠራ፤ በ1901 ግን ሥራው አበቃ። ባሕሩ ሲሸሽ ሐዲዱ ያረፈባቸው የሲሚንቶ ድንጋዮች ዛሬም ይታያሉ።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ልለፍ፤ እርሱም የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነው። ኋላ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ የተባለው ልዑል በ1783 ብራይተንን አይቶ ወደዳት። ከ1815 ጀምሮም ጆን ናሽ የሚባለው መሐንዲስ ቤቱን በውጭ እንደ ህንድ ቤተ መንግሥት ጕልላት በጕልላት፥ በውስጥ ደግሞ በቻይና ሥዕልና ዘንዶ አስጊጦ ሠራለት። ጆርጅም ሆነ ናሽ ህንድን አላዩም። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ሰው የሚበዛበት መሆኑን ስላልወደደች በ1850 ለከተማው ተሸጠ።

ይህ የቅንጦት ቤት በ1914 የአንደኛው ዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በፈረንሳይ ግንባር ለቈሰሉ የህንድ ወታደሮች ሆስፒታል ሆነ። እስከ 1916 መጀመሪያ ድረስ ከ2,000 የሚበልጡ ቍስለኞች ታከሙበት። ሂንዱው፥ እስላሙና ሲኩ እንደየሃይማኖታቸው ይመገቡ ዘንድ ዘጠኝ ወጥ ቤት ተሠራላቸው፤ የሚጠጡበትም ቧንቧ ለየብቻ ነበር። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ተለይቶ በሚበላበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ጥንቃቄ ምን ያህል ክብር እንደ ሆነ አይጠፋንም። ዳሩ ግን ነገሩ ሌላ ገጽም ነበረው፤ የቍስለኞቹ ፎቶግራፍ የእንግሊዝን ቸርነት ለማስታወቅ በየቦታው ሲታይ፥ እነርሱ ራሳቸው በከተማው እንደ ልባቸው እንዳይዘዋወሩ ቍጥጥር ነበረባቸው። ቤቱን የሚጐበኝ ሰው የዘንዶዎቹን ወርቅ ብቻ አይቶ ቢመለስ ግማሹን ታሪክ አላየም እላለሁ።

እኔ ዕድል ቢገጥመኝ ከፒየሩ አስቀድሜ የምሄደው ከከተማው በስተ ሰሜን ካለው ኰረብታ ነው። በብራይተን ከሞቱት ውስጥ 53 የሂንዱና የሲክ ወታደሮች ሥጋ እንደ ሥርዓታቸው በዚያ ተቃጠለ፤ በ1921ም በቦታው ላይ በስምንት ዐምዶች የቆመ ጕልላት በነጭ እብነ በረድ ተሠራ። ስሙ ቻትሪ ነው፤ በቋንቋቸው ጃንጥላ ማለት ነው። ጃንጥላ በእኛም ዘንድ በታቦትና በንጉሥ ላይ የሚዘረጋ የክብር ምልክት ስለ ሆነ፥ ስሙ ለእኛ ትርጓሜ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። መኪና እስከዚያ አይደርስም፤ ፓቻም ከሚባለው ሠፈር ተነሥቶ ሣር በለበሰው ኰረብታ ላይ በእግር መውጣት ያስፈልጋል። በየዓመቱ በሰኔ ወር ሰዎች ተሰብስበው በዚያ መታሰቢያ ያደርጋሉ።