የተተከለ ጥርስ ሲነቃነቅ ይነቀላል ወይስ ይድናል?

(በሬዲዮ ከቀረበው የጤና ዝግጅት የተወሰደ)

ስለ ጥርስ መቦርቦር ከተነጋገርን በኋላ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «የእኔ ጥርስ የተቦረቦረ ሳይሆን የተተከለ ነው። አሁን ይነቃነቅብኛል፣ ስቦርሸውም ይደማል። ላስነቅለው ወይስ ይድናል?»

በካምፕ ውስጥ የተተከለ ጥርስ ያለው ማን ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ሠርተው ያስተከሉ ሰዎች አሉ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ጥርሱ አብሮት ይወጣል፤ የሚቀረው የሐኪሙ ካርድ ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በጥይት ተገድለው ሺዎች ወደ ኬንያ ሲሻገሩ፣ ወረቀት ለመሰብሰብ ጊዜ ያገኘ ማን ነበር?

ኢምፕላንት የሚባለው የተተከለ ጥርስ አንድ ወጥ አይደለም። ከሥር በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን አለ። በላዩ ማያያዣ፣ ከዚያም ጥርስ የሚመስለው ክዳን ይቀመጣል። ብሮኔማርክ የተባሉ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ያስገቡት ቲታኒየም ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ አልወጣ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተከሉ። ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚህ መጣበቅ ላይ ነው።

እንግዲህ የሚነቃነቀው የትኛው ክፍል ነው? የእኚህ እናት መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚላላው ላይኛው ክዳን ወይም ማያያዣውን የያዘው ትንሽ ብሎን ነው። ይህ ከሆነ ጥርሱ አልሞተም፤ ሐኪሙ ያጠብቀዋል ወይም ብሎኑን ይለውጠዋል። አጥንት ውስጥ ያለው ራሱ ከተነቃነቀ ግን ከአጥንቱ ተላቋል ማለት ነው፤ ይህን መልሶ የሚያጣብቅ መድኃኒት የለም፣ መውጣት አለበት። ሁለቱን በጣት ነክቶ መለየት አይቻልም። ራጅና የሐኪም ዓይን ያስፈልጋል። ስለዚህ «ተነቃነቀ» ተብሎ ብቻ አይነቀልም፤ ማንም በጉጠት እንዲነቅልላችሁ አትፍቀዱ።

በሁለቱ መካከል ሌላ ችግር አለ፤ ብሎኑ ሳይነቃነቅ ዙሪያው ይታመማል። መጀመሪያ ድዱ ይቀላል፣ ሲነካ ይደማል። በዚህ ጊዜ በደንብ ከተጸዳ ይድናል። ችላ ከተባለ ግን መግል ይይዛል፣ አፍ ይሸታል፣ አጥንቱም ቀስ በቀስ ይበላል። ሐኪሞች ይህንን ፔሪኢምፕላንታይተስ ይሉታል። ተንኮለኛ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ አለማመሙ ነው። የተተከለ ጥርስ የራሱ ነርቭ ስለሌለው እንደ ተፈጥሮ ጥርስ ሌሊት አይቀሰቅስም። «አላመመኝም» እያሉ ዓመት የሚያሳልፉ አሉ።

ሕክምናው ማጽዳት ነው። ሐኪሙ ብሎኑን በማይቧጭር መሣሪያ ዙሪያውን ይጠርጋል። በዚህ ካልተሻለው ድዱን ከፍቶ ያጸዳል፤ እንደ አጥንቱ ጉዳት አጥንት የሚሞላ ነገር ይጨምር ይሆናል። ሁልጊዜ ይሳካል ብለን አንዋሻችሁም፤ አጥንቱ ብዙ ከተበላ ማውጣቱ ይሻላል።

አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥስ? ብሎኑ ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ኪኒን አይጠርገውም። እብጠቱ ለሳምንት ጎደል ይልና ተመልሶ ይመጣል። ትኩሳትና እብጠት ሲኖር ሐኪም ያዝዘዋል፤ ፔኒሲሊን የማይስማማችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ። ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ መለጠፍ ያቃጥላል። የወለቀን ክዳን በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ደግሞ ሊጠገን የሚችለውን ያበላሻል። የወለቀውን በንጹሕ ዕቃ አስቀምጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ድዱ በብሎኑ ላይ ሊዘጋ ስለሚችልም አትቆዩ።

እስከዚያው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ መጉመጥመጥ ድዱን ያስታግሳል፤ ውኃ በሚቸግርበት ቀንም ለዚህ አንድ ብርጭቆ አይጠፋም። ለስላሳ ብሩሽ ከሌለ ጫፉ በደንብ የታኘከ መፋቂያ ይሆናል። ቢደማም መቦረሹን አትተዉ። ሲጋራና ያልተያዘ የስኳር በሽታ አጥንቱ ቶሎ እንዲበላ ያደርጋሉ። ጫት ወይም እዚህ ሚራ የምንለው አፍ ያደርቃል፣ ቅጠሉም በብሎኑ ዙሪያ ይሸጎጣል፤ ለሚቅም ሰው ቢያንስ ከቃመ በኋላ መጉመጥመጥ የግድ ነው።

እብጠቱ ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን ከወጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ መተንፈስ ከከበደ ግን በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ የሚገድል ነው።

ሞያሌ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለዚህ ከመንገድ በፊት ስልክ ይቅደም። ኢምፕላንት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው፤ የአንዱ መፍቻ ለሌላው ላይገጥም ይችላል። የተከለላችሁን ክሊኒክ የምታገኙ ከሆነ የኢምፕላንቱን ስም፣ ውፍረትና ርዝመት፣ ከተቻለም የራጁን ፎቶ በስልክ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ያን የያዘ ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ግማሹ ሥራ አልቋል። ለስደተኞች የሚሰጠው የሪፈራል ገንዘብ ቅድሚያ የሚሄደው ሕይወት ለሚያሰጋ ሕመም ነው፤ መግልና እብጠትን ማከም አንድ ነገር ነው፣ አዲስ ኢምፕላንት ማስተከል ሌላ። የትኛው እንደሚሸፈን ጤና ጣቢያው ውስጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የጉዞ ፈቃድ ሳትይዙም አትነሱ።

ከወጣ በኋላስ? አጥንቱ እስኪያገግም ወራት ጠብቆ እንደገና መትከል ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በግራና በቀኙ ጠንካራ ጥርስ ካለ በእነሱ ላይ የሚታሰር ብሪጅ ይሠራል፤ ለዚህ ግን ጤነኞቹ ጥርሶች መሞረድ አለባቸው። የኋላ መንጋጋ ከሆነ ክፍቱን መተውም ነውር የለበትም። በእኛ ግምት በካምፕ ላለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሻለው ተነቃይ ጥርስ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቢሰበርም ይጠገናል። ማታ ማታ አውልቃችሁ ታጥባችሁ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አስቀምጡት። በፈላ ውኃ አይዘፍዘፍ፤ ይጣመማል።