የአንድ ቅዳሜ ቁሌት

ማምሻውን የሰፈር ጉሊት አጠገብ ቆም ብሎ ለተመለከተ፣ ከሥራ ወደ ቤት የሚጣደፈው ሰው ሁሉ የሚገዛው አንድ ዓይነት ነው፦ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ ሦስት አራት ቲማቲም፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ቃሪያ። በማግስቱም በዚያው ሰዓት እዚያው ይገኛል። ቤት ሲደርስ ልጆቹ ርቧቸዋል፤ ሽንኩርቱ ግን ገና አልተላጠም። ሽሮ ለመንተክተክ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፣ ምስርም ቶሎ ይበስላል። ምሽቱን የሚበላው መላጡ፣ መክተፉና ማቁላላቱ ነው።

በብዙ ቤቶች ፍሪዘር የሚታወሰው በበዓል ነው። ከቅርጫ የመጣ ሥጋ ይታጨቅበታል፣ ሥጋው ሲያልቅ የበረዶ ውሃ ብቻ ይዞ ይከርማል። መብራት እየበላ ባዶውን ሲከርም ሳይ ያሳዝነኛል። ከሥጋ በፊት ሊቀመጥበት የሚገባው ልፋታችን ነው ብዬ አምናለሁ፤ በአንድ ቀን የተለፋበት ሥራ ለአንድ ወር ምሽቶች ሊተርፍ ይችላልና። ከሁሉም የሚቀድመው ደግሞ ቁሌት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 5 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ከትልቁ ገበያ ይመጣል። በኪሎ የተገዛው ማታ ማታ ከጉሊት በመደብ ከሚነሳው እንደሚረክስ ለባለቤት አይነገርም። ሽንኩርት 89 ከመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ድስቱን ሞልቶ የገባው ሲቁላላ ከግማሽ በታች ይወርዳል። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በዝግታ፣ ውሃው እስኪመጥ፤ ከዚያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ። በርበሬ ከመግባቱ በፊት ግማሹን ወደ ሌላ ድስት እቀንሳለሁ፤ እሱ ለአልጫ፣ ለጎመንና ለክክ ይሆናል። የቀረው በርበሬውን ጠጥቶ፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እየታሸ ቀይ ቁሌት ይወጣዋል።

ቅቤና መከለሻ በዚህ ቀን አይገቡም። ቅቤ ያልነካው ቁሌት ረቡዕና ዓርብ፣ ሲመጣም በሁዳዴው 55 ቀን ሁሉ ያገለግላል፤ ለፍስክ ሲፈለግ ቅቤውን በዕለቱ ጣል ማድረግ ነው። የኮረሪማና የጥቁር አዝሙድ መዓዛም የሚያምረው ወጡ ሊወጣ ሲል ሲነሰነስ ነው። ወር ሙሉ በበረዶ ውስጥ የከረመ መከለሻ ያን መዓዛ አይሰጥም።

ትኩስ ድስት ፍሪዘር ውስጥ ከገባ አጠገቡ ያለውን ያቀልጣል። ውጭ ማሳደርም አይቻልም፤ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት ከቆየ ባክቴሪያ ይራባበታል። መላው ቀላል ነው፦ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ማማሰል። ሲቀዘቅዝ ለአንድ ወጥ የሚበቃውን በጭልፋ እየሰፈርኩ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ እጨምራለሁ፣ አየሩን አስወጥቼ እንደ ደብተር ጠፍጥፌ አስተኛዋለሁ፣ በነጭ ፕላስተር ላይ ቀኑን ጽፌ እለጥፋለሁ። 5 ኪሎው እኔ ቤት ስምንት ወጥ ይወጣዋል። ማታ ላይ አንዱን አውጥቶ ከትንሽ ሙቅ ውሃ ጋር ድስት ውስጥ መጣል ነው። ሳይቀልጥ ቢገባም ችግር የለውም። በ20 ደቂቃ ሽሮ ይቀርባል።

ጠፍጣፋነቱ ቦታ ይቆጥባል፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን ፍጥነት ነው። ይህን ያስተማረን ክላረንስ በርድስአይ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ከ1912 እስከ 1915 እ.ኤ.አ. ዛሬ የካናዳ ክፍል በሆነችው ላብራዶር ሲኖር፣ የአካባቢው ኢንዊቶች ከበረዶ ሥር ያወጡት ዓሣ በዚያ ብርቱ ብርድ ወዲያው ድርቅ ሲልና ከወራት በኋላ ሲቀልጥ ትኩስ ጣዕሙን እንደያዘ አስተዋለ። በረዶ ቀስ ብሎ ሲሠራ ትልልቅና ስለታም ይሆናል፤ የምግቡን ሕዋስ ይቀድዳል፣ ሲቀልጥም ውሃው ይፈስሳል። በፍጥነት ከተሠራ ግን ደቃቅ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም። በርድስአይ አገሩ ተመልሶ የታሸገ ምግብን በሁለት የቀዘቀዙ ብረቶች መካከል አጣብቆ በፍጥነት በረዶ የሚያደርግ ማሽን ሠራ። በ1930 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የእሱ ምርቶች በሱቅ መሸጥ ጀመሩ። የእኛ የቤት ፍሪዘር የእሱን ማሽን ያህል አይፈጥንም፤ ስስ አድርጎ መጠፍጠፍ ግን በአቅማችን ያቀራርበናል።

ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሊሆን ይገባል። በዚያ ቅዝቃዜ ተሕዋስያን አይራቡም፤ አብዛኞቹ ግን አይሞቱም፣ ይተኛሉ እንጂ። ሊበላሽ የጀመረ ምግብ ስለገባ አይድንም፤ ሲቀልጥ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከቁሌት ቀጥሎ እንጀራ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ፍሪጅንና ፍሪዘርን አንድ አድርገን በማየት ነው። እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይገረጅፋል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ዳቦም እንዲሁ ነው። በሊጡ ውስጥ ያለው ስታርች ከበሰለ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠጥራል፤ ይህ መጠጠር ከዜሮ ጥቂት ከፍ ባለ የፍሪጅ ቅዝቃዜ ይፈጥናል፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን ቆሟል ማለት ይቻላል። በተጋገረ ዕለት፣ በደንብ በርዶ፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ ማዕድ የሚበላውን ያህል እየታጠፈ አየር በማያስገባ ላስቲክ ይታሸግ። ሲፈለግ ከላስቲኩ ሳይወጣ ክፍል ውስጥ ይቅለጥ፤ ያኔ የራሱ እንፋሎት ወደ ራሱ ይመለሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጤፍም ምጣድም እንደ ልብ በማይገኝባቸው ከተሞች ይህን ከተለማመዱት ቆይተዋል። እናቶቻችን ድርቆሽና ቋንጣ ሲያደርጉ ውሃውን አስወጥተው ነበር ምግቡን የሚያቆዩት፤ ፍሪዘር ደግሞ ውሃውን ባለበት ያስረዋል።

አትክልት ላይ ፈጠን ልበል። ጎመን፣ ፎሶሊያና ካሮት ከመግባታቸው በፊት በፈላ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ ያህል ተነክረው ወዲያው በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ይገባሉ፤ አለዚያ በውስጣቸው ያለው ኢንዛይም በበረዶም መሃል እየሠራ ቀለምና ጣዕማቸውን ያጠፋል። ቲማቲም ግን እንደታጠበ ሙሉውን ይገባል፤ ሲወጣ ልጣጩ በእጅ ይገፈፋል፣ ለስልስ ተስማሚ ነው፣ ለሰላጣ ግን አይሆንም። ጥሬ ድንች አይገባም፤ ይጠቁራል፣ ውሃም ይቋጥራል። የተቀቀለ ሽንብራና ባቄላ ያለ ችግር ይከርማሉ። ዶሮ ወጥም ይገባል፤ እንቁላሉን ግን ለዕለቱ ቀቅሉት፣ ከቀዘቀዘ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናልና።

ሥጋ ላይ አንድ ልመና አለኝ፦ የቅርጫውን ሥጋ በአንድ ፌስታል ጠቅልላችሁ አታስገቡ። የጥብሱ ለብቻ፣ የቅቅሉ ለብቻ፣ ለአንድ ቀን የሚሆነው ለየራሱ ይታሰር። ሙሉው ክምር ሲወጣ ግማሹን ለማግኘት ሁሉም ይቀልጣል፤ ቀልጦ የተመለሰ ሥጋ ደግሞ ውሃውን ጥሎ ይደርቃል። የሚቀልጠውም ከማታው ፍሪጅ ውስጥ አድሮ እንጂ ጠረጴዛ ላይ ውሎ አይሁን። የተፈጨ ሥጋ በ3 ወይም በ4 ወር፣ ወጥ በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ ቢበላ ጣዕሙ አይጎድልም። ለጥሬ ክትፎ የምፈልገው ግን የዕለቱን ሥጋ ነው። በረዶ ያየ ሥጋ ያን ለስላሳነት አይመልስም።

«መብራት ሲሄድስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ግማሽ ጎደሎው ግን 24 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍት ቦታውን ውሃ በያዙ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሙሉት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 ከመቶ ያህል ስለሚሰፋ ከአፉ ይጉደል። ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ደግሞ በረዶ የሆነ አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ የብር ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ብዙ አልቀለጠም። ታች ወርዶ ካገኛችሁት ግን በረዶው ቀልጦ እንደገና ተጋግሯል፤ ሥጋውንና ወጡን ሳትሳሱ ጣሉት።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትሞክሩት። የፊታችን ቅዳሜ 5 ኪሎ ሽንኩርት ግዙ፤ ቤት ያለ ሰው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ቢላ ይዞ ይቀመጥ።