ዘይት ካልቀነሰ የሚያስደነግጥ መኪና

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ስለ ዘይት አያስብም። ኮፈኑን ቢከፍት እንኳ ለጎረቤት ሞተሩን ለማሳየት ነው። የማዝዳ አርኤክስ-8 ባለቤት ግን የመጀመሪያው የዘይት ቅያሪ ገና ሳይደርስ የማስጠንቀቂያ መብራት ሊበራበት ይችላል። ተቆጥቶ ወደ ሻጩ ሲሄድ የሚያገኘው መልስ ይብሱኑ ያናድደዋል፦ «ጤነኛ ነው፤ ሲሠራም እንዲህ ተብሎ ነው።» ማምለጫ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን እውነት ነው።

እኛ ዘንድ «ሞተሩ ዘይት ይበላል» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሜካኒኩ ፋሻው አልቋል ወይም የቫልቭ ጎማው ደርቋል ይላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «ሞተር ይውረድ» ነው። ለፒስተን ሞተር ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ፒስተኑ ሲመላለስ የሲሊንደሩ ግድግዳ ከሥር በሚመጣ ዘይት ይረጥባል፣ የታችኛዋ ፋሻ ትርፉን ጠርጋ ወደ ኮፓው ትመልሳለች። ዘይቱ ከእሳቱ በታች ይኖራል፤ ወደ ላይ ካለፈ ጥፋት አለ።

አርኤክስ-8 ፒስተን የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 የተመረተው ይህ የጃፓን ስፖርት መኪና የሚሄደው በሮተሪ ሞተር ነው፤ የሐሳቡ ባለቤት ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንከል ነው። ወገቡ ሰርጎ የለውዝ ቅርፊት በመሰለ ቤት ውስጥ ሦስት ማዕዘን ሮተር ይሽከረከራል። ሦስቱ ጎኖቹ በየተራ ድብልቁን ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ጭሱን ይተፋሉ። ሮተሩ አንዴ ሲዞር ዋናው ዘንግ ሦስቴ ይዞራል። ባለሁለት ሮተር የሆነው የአርኤክስ-8 ሞተር 1.3 ሊትር ብቻ ሆኖ ሳለ ጠንካራው ዓይነት በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ድረስ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለ መንገጫገጭ ይወጣል። አንዴ የነዳው ሰው ስለ ዘይቱ ይቅር የሚለው ለዚህ ይመስለኛል።

ችግሩ የሮተሩ ማዕዘኖች ጫፍ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የብረት ስንጥር ተሰክታለች። ሜካኒኮች አፔክስ ሲል ይሏታል። ከጀርባዋ ያለች ቀጭን ሞላ ወደ ግድግዳው ትገፋታለች፤ እሷም ግድግዳውን እየፋቀች ትሮጣለች። የፋሻን ሥራ ትሠራለች፣ ፋሻ የሚያገኘውን ዘይት ግን አታገኝም፤ የምትሮጥበት ግድግዳ ራሱ የእሳቱ ቤት ነውና። ስለዚህ መሐንዲሶቹ አንዲት ትንሽ ፓምፕ አስገቡ። ፓምፗ ከኮፓው ዘይት እየሳበች በጥቂት በጥቂቱ ወደ ማቃጠያው ቤት ታንጠባጥባለች። ጠብታዋ ስንጥሯን አለስልሳ ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥላ በማርሚታ ትወጣለች። የጎደለውን የሚተካው ባለቤቱ ነው።

ይህች ስንጥር ትልልቅ ድርጅቶችን አስለቅሳለች። የጀርመኑ ኤንኤስዩ እ.ኤ.አ. በ1967 ሮ 80 የተባለ የሚያምር መኪና አወጣ፣ በተከታዩ ዓመትም የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለ። ሞተሩ ግን አልበረክት አለ። የሮ 80 ነጂዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ጣታቸውን ቀስረው ስንት ሞተር እንዳስቀየሩ ይነጋገሩ ነበር ይባላል። ኤንኤስዩ በ1969 በፎልክስዋገን እጅ ገባ። ሂሮሺማ ላይ ደግሞ ኬኒቺ ያማሞቶ የሚመራቸው የማዝዳ መሐንዲሶች ከዚያው ጣጣ ጋር ይታገሉ ነበር። ስንጥሯ ስትንቀጠቀጥ ግድግዳው ላይ የምትተወውን ጭረት «የሰይጣን ጥፍር» ብለው ሰየሙት። ለመድኃኒቱ የፈረስና የከብት አጥንት ሳይቀር ሞክረዋል ይባላል። በመጨረሻ አልሙኒየም በገባበት ካርቦን ተሻላቸውና ኮስሞ ስፖርትን በ1967 ለገበያ አበቁ። በ1991 ባለአራት ሮተሩ 787ቢ የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። ስንጥሯ ግን ያኔም ጠብታዋን ትፈልግ ነበር፣ ዛሬም ትፈልጋለች።

እንግዲህ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ግምትን ትቶ ይለካ። ነዳጅ ለመቅዳት በቆሙ ቁጥር፣ ቢያንስ በየሁለተኛው፣ መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፤ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ እስኪወርድ አምስት ደቂቃ ይታገሡ። የዘይት መለኪያዋን አውጥተው በጨርቅ ይጥረጉ፣ መልሰው ጥግ ድረስ ያስገቡ፣ ከዚያ ያንብቡ። የመጀመሪያዋ ንባብ ቱቦው ላይ በተረጨ ዘይት ተበላሽታ ሊሆን ስለሚችል ሁለተኛዋን ይመኑ። የጨመሩትን መጠንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር አንዲት ደብተር ላይ ያስፍሩ። ከሦስት ወር በኋላ ያቺ ደብተር ከማንም ሜካኒክ በላይ ትናገራለች። ሲጨምሩም ከላይኛው ምልክት አያሳልፉ፤ የተረፈው ዘይት በመተንፈሻ ቱቦ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ተገፍቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ፓምፗ ዙርና ጭነት ሲጨምር ስለምታበዛ፣ ተራራ የሚወጣበትና ፔዳሉን ደፍጥጦ የሚነዳው ከተማ ውስጥ ከሚንፏቀቀው የበለጠ ይጨምራል። ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው ያው ሰው በዚያው መንገድ በዚያው አነዳድ እየሄደ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር በድንገት እጥፍ ሲሆን ነው። ከተነሳ በኋላ የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ካለ የሮተሩ ጎን ላይ ያሉት የዘይት ማተሚያዎች ደክመዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ኮምፕሬሽን ማስለካት ነው፤ ለዚህ ሞተር በተሠራ መለኪያ። እያንዳንዱ ሮተር ሦስት ጎን ስላለው ከሁለቱ ስድስት ንባብ መውጣት አለበት፤ ተራው የፒስተን መለኪያ ግን ከሦስቱ የበለጠውን ብቻ አሳይቶ የደከመውን ይደብቃል።

አሁን ሰው የማይጠብቀው ነገር። ዘይቱ ጨርሶ የማይቀንስ ከሆነ በዚህ መኪና ደስ አይበልዎ። ፓምፗ ቆማ ወይም ቀጫጭን ቱቦዎቿ ተደፍነው ይሆናል፤ ስንጥሮቹም በደረቅ እየተፋቁ ነው። የሮተሪ ወዳጆች ይህን ፈርተው ጥቂት የባለሁለት ምት ሞተር ዘይት ቤንዚኑ ውስጥ ይቀላቅላሉ። ማዝዳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሻሻለው ሞተር ለእያንዳንዱ ሮተር የዘይት መርጫውን ከሁለት ወደ ሦስት አሳድጎለታል። ከዚያ ቀደም ብሎ የተሸጡትን በተመለከተም አሜሪካ ውስጥ የሞተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ያለ ምክንያት ዋስትና የሚያራዝም አምራች አላየሁም።

ባለ ፒስተን ስፖርት መኪና ለገዛ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከፍ ባለ ዙር እየነዱ ፔዳሉን በድንገት ሲለቁ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ባዶነት በፋሻው ጥግ ዘይት ይስባል፤ አዲስ ሞተር እስኪለማመድም ጥቂት ይበላል። አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ «የተለመደ» ብለው ይጽፋሉ። ለኔ ይህ ቁጥር ለአምራቹ እንጂ ለገዢው የተጻፈ አይመስልም። ደብተርዎን ይዘው ዋስትናው ሳያልቅ ይከራከሩ።

ያገለገለ አርኤክስ-8 ሊሸጥልዎ የመጣ ሰው «ጠብታ ዘይት አይበላም» ብሎ ከማለልዎ ግን ስድስቱን ንባብ ሳያዩ ቀብድ እንዳይከፍሉ።