አዋዜያችን በምን ተበጠበጠ?

አረፋ ሲደርስ በእንጅባራና በዳንግላ ቤቶች ጥብሱ ከምድጃ ሳይወርድ «አዋዜው የታለ?» መባሉ አይቀርም። የአገው ምድር ብርድ የሚያቃጥል ነገር ያስመኛል። የሥጋውን ሐላልነት ሁላችንም እንጠይቃለን፤ ስለ አዋዜው የጠየቅን ግን ስንቶቻችን ነን? በሀገራችን አዋዜ ብዙ ጊዜ በጠጅ ወይም በአረቄ ይበጠበጣል። አዋዜ ደግሞ እሳት ስለማያየው «ተኖ ይጠፋል» የሚለው ማመካኛ እዚህ ቦታ የለውም።

ውድ እህቶች፣ በቤት ማዘጋጀቱ ቀላል ነው። ከጎረቤታችን ከቡሬ የሚመጣው በርበሬ ተደልዞ ከተፈጨ በኋላ 4 የሾርባ ማንኪያ ወስዳችሁ 3 ፍልቃቂ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ጨው ጨምሩበት። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ቀስ እያላችሁ ለውሱት፤ ዘይትና ሎሚ በመጨረሻ ይግቡ። የጠጁን ጣፋጭነት የለመደ ምላስ ካለ፣ ጠጅም የተጠመቀው ከማር ነውና፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ይበቃዋል። አልኮል ስለሌለው ብዙ አይቆይም፤ ለ2 ወይም ለ3 ቀን የሚሆን ብቻ አዘጋጁ።

ሰናፍጭ ለሚወዱ፦ የተፈጨውን በቀዝቃዛ ውሃ አሽታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ክደኑት። ሙቅ ውሃ አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ኃይሉን ይገድለዋል። ኮምጣጤ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሰናፍጩ ይደክማል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኮምጣጤን በማባያነቱ ማወደሳቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል።

ምግብ ቤት ስንገባም እንጠይቅ። ሥጋው የሙስሊም ቢሆንም አዋዜው ከገበያ ተገዝቶ የመጣ ሊሆን ይችላል።