መኪና ሲቆም የሚቀዘቅዝ ማሞቂያ የሞተር ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል

በጉዞ ላይ ሙቅ አየር ሲሰጥ ቆይቶ ተሽከርካሪው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስ ማሞቂያ፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ መጉደሉን ሊያመለክት ስለሚችል አሽከርካሪዎች ችላ ሊሉት አይገባም።

የመኪና ማሞቂያ የሚጠቀመው የሞተሩን ሙቀት ነው። በሞተሩ ውስጥ ዞሮ የሞቀው ውሃ በዳሽቦርዱ ሥር ወደሚገኘው አነስተኛ ራዲያተር ሲገባ፣ ማራገቢያው ሙቀቱን ወደ ተሳፋሪዎች ይገፋል። በሚኒሞ ጊዜ የውሃ ፓምፑ ዙር ስለሚቀንስ ግፊቱ ይደክማል፤ ውሃው ከጎደለ ወይም መስመሩ አየር ከቋጠረ ደግሞ ዝውውሩ ሊቋረጥ ይችላል።

ምርመራው የሚጀምረው ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የውሃውን መጠን በማየት ነው። የጋለ ራዲያተርን መክፈት ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል። ውሃው ሙሉ ከሆነ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ማሞቂያው የሚገቡት ሁለት የጎማ ቱቦዎች በጥንቃቄ ይዳሰሳሉ። አንዱ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ የማሞቂያው ራዲያተር መደፈኑ ወይም የፓምፑ መድከም ይጠረጠራል። ሁለቱም ለብ ብለው የሙቀት መለኪያው ከተለመደው በታች ካሳየ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል ወይም ተነቅሏል ማለት ሊሆን ይችላል።

የተሞላው ውሃ ወደ ውጭ ሲፈስ ሳይታይ ደጋግሞ የሚጎድል ከሆነ የቴስታ ጓርኒሲዮን መቃጠሉ ስለሚያሰጋ፣ ሞተሩ ግሎ ለከፍተኛ ወጪ ከመዳረጉ በፊት ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል።