ሁለቴ ጠቅ ስናደርግ የት እንደርሳለን?

የሲስተም ሞዴል የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ ጊዜያችንን የሚበላ አንድ ችግር ላንሳ።

የሲስተም ሞዴል መሥሪያ ቋንቋው ሲስኤምኤል (SysML) 1 ዘጠኝ ዓይነት ዲያግራሞች አሉት። አንድ የውሃ ፓምፕ በአንዱ ዲያግራም እንደ ብሎክ፣ በሌላው የትልቅ ሲስተም ክፍል ሆኖ ይታያል። ሞዴሉ አንድ ነው፤ ዲያግራሞቹ እሱን የምናይባቸው መስኮቶች ናቸው።

ችግሩ ከመስኮት ወደ መስኮት ስንሻገር ይመጣል። አንዱን ምልክት ሁለቴ ጠቅ ስናደርግ የውስጥ ዲያግራሙ ይከፈታል። አጠገቡ ያለውን ስንነካ የመረጃ ቅጽ ይመጣል። ሦስተኛው ዝም ይላል።

ለምን? ለዓይን የሚመሳሰሉ ሦስት ግንኙነቶች ስላሉ ነው፦

1. ብሎኩ የራሱ የውስጥ ዲያግራም ሲኖረው፣
2. አንድ ሰው በእጁ ሊንክ ሲያስገባ፣
3. ዲያግራሙ የተያያዘው ከብሎኩ ጋር ሆኖ እኛ የነካነው ክፍሉን ሲሆን።

የሲስኤምኤል መስፈርት ምልክቶቹንና ትርጉማቸውን ይደነግጋል፤ ጠቅ ሲደረግ ምን እንደሚከፈት ግን ለሶፍትዌሩ ሠሪ የተተወ ነው።

እኔ የምመክረው ይህን ነው፦

✅ ለአንድ ብሎክ አንድ ዋና የውስጥ ዲያግራም ወስኑ።
✅ ወደ ውስጥ ዲያግራም የሚያስገባው ብሎክ ላይ መለያ ምልክት አድርጉበት። በአክቲቪቲ ዲያግራም ላይ ለዚህ የመንሽ ቅርጽ ያለው ምልክት አለ።
✅ በእያንዳንዱ ዲያግራም ላይ ወደ ላይኛው የሚመልስ ሊንክ አስቀምጡ።
✅ ደንቡን በጽሑፍ አስፍሩ፤ ቡድኑ በሙሉ ይከተለው።

ሞዴል የሚሠራው ሌላ ሰው እንዲረዳው ነው። ዛሬውኑ አንድ አዲስ ባልደረባ ሞዴላችሁን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች እንዲሄድበት ጠይቁት። የቆመበትን ቦታ መዝግቡ፤ ማስተካከሉን ከዚያ ጀምሩ።