የጣና ዓሣ ያለ እንጀራ

በጎጃም ደጋ የዓሣ ወጥ ሁለት አካል ያለው ምግብ ነው፤ አንዱ በቀይ ሽንኩርት፣ በዘይትና በበርበሬ የተቁላላው ወጥ ሲሆን ሌላው ወጡን የሚሸከመውና የበርበሬውን ትኩሳት የሚያበርደው እንጀራ ነው። እህል የማይበላ ሰው ከዚህ ገበታ ሲቀርብ የሚቸግረው ወጡ ሳይሆን እንጀራው ነው። እዚህ ላይ እህል ሲባል በግብርና አነጋገር ብርዕ የሚባሉትን ጤፍን፣ ስንዴን፣ ገብስንና ዳጉሳን፣ እንዲሁም አገዳ የሚባሉትን በቆሎንና ማሽላን ያጠቃልላል፤ ባቄላ፣ ሽምብራና ጓያ ግን ጥራጥሬ ስለሆኑ በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገቡም።

ክልከላው ለማን እንደሚያስፈልግ መለየት ይገባል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ይህን ፕሮቲን ሲመገብ የገዛ አካሉ የመከላከያ ሥርዓት የትንሹን አንጀት ገጽ ስለሚጎዳው ምግብ በአግባቡ አይዋሐደውም። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው እንጀራን መተው ሳይሆን ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ማግኘት ነው የሚኖርበት፤ ይህም ቀላል አይደለም፣ ጤፍ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ መጋገሩ የተለመደ ከመሆኑም በላይ ወፍጮውም እርሾውም የጋራ ሊሆን ይችላል። ከብርዕና ከአገዳ ሁሉ መራቅ ከዚህ የሰፋ ምርጫ ነው። ከታች በእንጀራ ፋንታ የሚቀርቡት ድንችም ቡላም በስታርች የበለጸጉ ስለሆኑ፣ ምርጫው የደም ስኳርን ለመቀነስ ታስቦ ከሆነ እህልን በእነርሱ መተካት ብቻውን ዓላማውን አያሳካም።

ወጡን ያለ እህል ምን ይሸከመዋል ለሚለው ጥያቄ ቅርብ ዘመድ የሆነ ጉዳይ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ይገኛል። በሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ፣ በተለይ በቻርልስተን አካባቢ፣ ሽሪምፕ የተባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ግሪትስ ከሚባለው የበቆሎ ክክ ገንፎ ጋር የቁርስ ምግብ ነበር። በኖርዝ ካሮላይና የቻፕል ሂል ከተማ ምግብ ቤት የነበረው ቢል ኒል ምግቡን ወደ ምሽት ገበታ አመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ክሬግ ክሌቦርን በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከጻፈለት በኋላም በመላ አገሪቱ ታወቀ። እህል የተው አሜሪካውያን የበቆሎውን ገንፎ ብዙ ጊዜ በተፈጨ አበባ ጎመን ይተኩታል። መልኩ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን አበባ ጎመን ውኃ የበዛበትና ስታርቹ ያነሰ ስለሆነ፣ በቅቤና በክሬም ካልታገዘ መረቁን ይዞ አይቆምም። ለጾም ዘይት ብቻ ለሚጠቀመው የጎጃም ወጥ ደግሞ ደካማ ተሸካሚ ነው።

ተሸካሚውን ከሩቅ መፈለግም አያስፈልግም። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል፤ ዛሬ የሰከላ፣ የባንጃና የእንጅባራ ደጋዎች ዋና ዋና የድንች ስፍራዎች ሲሆኑ፣ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልም ዘንገናና ጓሳ የተባሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ድንቹ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ትኩስ እንዳለ ተልጦና ተፈጭቶ በጨውና በጥቂት የኑግ ዘይት ሲለወስ የገንፎ ዓይነት ጥንካሬ ያገኛል። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉት። የጎጃሟ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በከተማዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ድንቹ በቆላ ከሚወስደው የበለጠ ጊዜ ምድጃ ላይ መቆየት አለበት። ሁለተኛው ደግሞ መብሰሉ ከተረጋገጠ በኋላ ከመጠን በላይ አለመምታት ነው፤ የድንቹ ሕዋሳት ሲፈነዱ ስታርቹ ይወጣና ገንፎው እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ሌላው አማራጭ ቡላ ነው። ቡላ የሚገኘው የእንሰት ግንድና ሥር ተፍቆ ሲጨመቅ ከሚወጣው ፈሳሽ ታች ከሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ነው፤ ደቡባዊው የአገሪቱ ክፍል በተለይ በጉራጌና በሲዳማ ያዘጋጀዋል፣ አዲስ አበባም በገንፎና በአጥሚት መልክ ከለመደው ቆይቷል። በጎጃም እንሰቱ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1770 እስከ ግሽ ዓባይ የተጓዘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ተክሉ በሜጫ እንደሚበቅልና ለምግብ እንደሚውል ጽፏል፤ ዛሬ ግን በአማራ አገር ኮባ የሚባለው ቅጠሉ ዳቦ ሲጋገር ከሊጡ በታች ይነጠፋል እንጂ ሥሩ የሚፋቅ አይደለም። ስለዚህ ቡላ ለደብረ ማርቆስ ወጥ ቤት ከውጭ የሚሸመት ነው፤ ደረቅ ዱቄት በመሆኑ ግን ሳይበላሽ ይቆያል። ዱቄቱ በፈላ ውኃ ላይ በቀጥታ ከተነሰነሰ ይጓጉላል፤ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ቀስ በቀስ ወደሚፈላው ውኃ እየተንቆረቆረ መማሰል አለበት። በራሱ ከስታርች በቀር እምብዛም ነገር ስለማይዝ ፕሮቲኑን የሚያሟላለት ዓሣው ነው፤ ከድንቹ ይልቅ ለወጡ የተመቸ የሚያደርገውም ጣዕሙ ለስላሳ ሆኖ የበርበሬውን ኃይል ሳይሸፍን ማብረዱ ነው። አቀራረቡ እንደ ገብስ ገንፎ ነው፤ መሐሉ ተጎድጉዶ በቅቤና በበርበሬ ፋንታ ወጡ ይፈስበታል።

ወጡ ራሱ በአብዛኛው እህል የለበትም፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ጥቂት ተቁላልቶ ዘይቱና በርበሬው ይጨመራል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላል፣ ዓሣው ግን ሥጋው ስስ በመሆኑ መጨረሻ ላይ ገብቶ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ይንተከተካል። ጥንቃቄ የሚሻው ስፍራ ሌላ ነው፤ በምግብ ቤቶች ዓሣው ወደ ወጡ ከመግባቱ በፊት በስንዴ ዱቄት ተለውሶ ሊጠበስ ስለሚችል፣ እህል የማይበላ ተመጋቢ የዓሣውን አጠባበስ መጠየቅ አለበት።

ስለ ዓሣው ራሱ ደግሞ ምርጫው ከእምነትም ከሥነ ሕይወትም ጋር የተያያዘ ነው። ከጣና በገፋ መጠን የሚወጡት ቆሮሶ፣ አምባዛና ላቤዎባርበስ የተባለው ወገን ናቸው። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን አይበሉትም፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክርም በአባቶች ዘንድ እንዳለ ሆኖ፣ ብዙ ቤቶች ዓሣን የሚያስቡት ሥጋ በማይበላባቸው ወራት ነው። ላቤዎባርበስ ከአሥር የሚበልጡ፣ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ግልገል ዓባይ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ መያዛቸውም ቁጥራቸውን በእጅጉ ቀንሶታል። ቆሮሶ በሐይቁ ውስጥ ስለሚራባ የዚህ አደጋ ተካፋይ አይደለም፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ለዚህ ወጥ የሚሻለውም እርሱ ነው።